ያልተደገሰው ሠርግ

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሽማግሌዎቹ ዛሬ መጡ፤ ነገሩ አለቀ። ከዒድ በኋላ ኒካሕ ይታሰራል። አባባ እሺታውን ቶሎ የሰጠ እንዳይመስልበት ጉሮሮውን ሲጠርግ ሲጠርግ ቆየ። እማዬ ጓዳ ሆና ሳቋን መያዝ አቅቷታል። እኔ ከእሷ ጀርባ ቆሜ በመጋረጃው ጥግ አያለሁ። የዳባት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነኝ፤ ስንቷን ሴት «አይዞሽ፣ በርቺ» የምል ሰው ዛሬ ራሴ አይዞሽ ባይ ፈለግሁ።

የሚያገባኝን አነስን የማውቀው ደባርቅ ካለው ፋርማሲው ነው። መድኃኒት የሚወስዱትን አሮጊቶች «ገባዎት እማማ? እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» ሲል ሰምቼው ነው የወደድኩት። ወደድኩት ስል፣ ጥሩ ሰው መሆኑን አወቅሁ ማለቴ ነው። አባባም ለስኳሩ ኢንሱሊን የሚያመጣው ከእሱ ዘንድ ነው።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ምስክር የሚባለው የአነስ ጓደኛ ነበረ። የፓርኩ አስጎብኚ ነው፤ ክርስቲያን ነው፤ አገሩ አምቢኮ። ከዛሪማ ያመጣውን ፓፓያ በማዳበሪያ ተሸክሞ ገባ። ቤቱ ሁሉ ሲስቅ እሱ ግድግዳውን ያይ ነበር። መንገድ ደክሞት ይሆናል።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ረመዳን ገብቷል፤ የክርስቲያኖቹም ዐቢይ ጾም ገብቷል። አገሩ ሁሉ ከንፈሩ ደርቋል።

ለጤና ጣቢያው ዕቃ ልረከብ ደባርቅ ሄጄ ወደ ፋርማሲው ጎራ አልኩ። አነስ የለም። ምስክር ከባንኮኒው ጀርባ ካርቶን ይፈታል። «ሊሰግድ ሄዷል፤ አሁን ይመጣል» አለኝና ወንበሩን በእጁ ጠርጎ ሰጠኝ። ከዚያ የአነስን መነጽር ከደረት ኪሱ አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር። «የትም ጥሎት ይሄዳል፤ እኔ ባልይዝለት ኖሮ…» አለና አቋረጠው።

አነስ ሲገባ ሰላም ሳይባባሉ፣ ምንም ሳይነጋገሩ፣ እጁን ዘረጋ፤ መነጽሩን ተቀበለ። እንዲህ ያለ ጓደኛ ያለው ሰው ታድሏል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ለምን የለኝም እያልኩ ነው በሚኒባስ የተመለስኩት።

አነስ ከስቷል። እማዬ «ጾሙ ነው» ትላለች። ሁላችንም እኮ እየጾምን ነው።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

በችኮላ ነው የምጽፈው። እማዬ ልብስ ስታስለካኝ ዋለች። ወንድሜ ሰዓድ ድምፅ ማጉያው ከጎንደር ካልመጣ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ከአባባ ጋር ተጨቃጨቀ። ባጃጁን ሙሉ በሙሉ በአበባ ሊያለብሳት ነው። አነስ አልደወለም። ሲደውልም ስለ ሥራዬ ይጠይቃል፤ ስለ አባባ ስኳር ይጠይቃል፤ ዝም ይላል፤ ይዘጋል። አብራኝ የምትሠራው ነርስ ሐመልማል «አፍሮ ነው፤ ጨዋ ልጅ እንዲህ ነው» አለችኝ። እኔም እንደዚያ ነው የማስበው።

እንደዚያ ነው።

መጋቢት 14፣ እሑድ

የዛሬውን በደንብ መጻፍ አለብኝ። ካደረ ለራሴም ልዋሽ እችላለሁ።

አነስ ከአስር ሰላት በኋላ ብቻውን መጣ። እማዬ ግቢው ውስጥ ለማፍጠሪያ ሽንኩርት ትልጣለች። ከዓይኗ ሳንርቅ፣ ድምፃችን ግን ከማይደርስበት፣ ከባሕር ዛፉ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። የሠርጉን ነገር ሊያወራ ነው ብዬ ስለ ድምፅ ማጉያው ጭቅጭቅ ነገርኩት። አልሳቀም።

«ሰሀር፣ ላገባሽ አልችልም» አለ።

ሌላ ሴት አለች ብዬ አሰብኩ። ማን ናት አልኩት።

«ሴት የለችም። ነገሩም እሱ ነው። ለሴት እንደዚያ የሚሰማኝ ነገር የለም። ኖሮም አያውቅም፤ ልጅ ሆኜም።»

ገባኝ። እንዳይገባኝ ግን ፈለግሁ። ሰው ሁሉ ለስድብ የሚጠራው ያ ቃል አፌ ድረስ መጣ፤ አላወጣሁትም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያየው ሰውዬና ያ ቃል አልገጥም አሉኝ።

«በሽታ ነው?»

«ፋርማሲስት እኮ ነኝ፣ ሰሀር። መድኃኒት ያለው ነገር ቢሆን ከማንም በፊት የምውጠው እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን እስከዚህ አደረስከኝ?»

«አባቴ ሲሞት አግባ ብሎ ቃል አስገብቶኛል። ሳገባ ይተወኛል ብዬም አሰብኩ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ዝም ይላል። ከዚያ አንቺን አየሁሽ። ዕድሜሽን ሙሉ ከእኔ አንድ ነገር ስትጠብቂ ትኖሪያለሽ፤ ምን እንደጎደለሽም አታውቂውም። ያን ላደርግብሽ አልቻልኩም።»

«ምስክር ነው?» አልኩ። ጥያቄው ከየት እንደመጣ አላውቅም። የመነጽሩ ነገር ይሆናል።

ጫማውን ማየት ትቶ ወደ ተራራው አየ፤ ዓይኑ ሞልቷል። ቆይቶ «የፈለግሽውን ምክንያት ለሰው ንገሪ» አለኝ። «ይጠጣል በይ፣ ይሰርቃል በይ። አላስተባብልም።»

ሊሄድ ሲነሳ እማዬ ቢላዋዋን እንደያዘች «ልጄ፣ ምነው፣ አፍጥረህ እንጂ!» ብላ ጮኸች። «ሌላ ቀን እማማ» አላት። ድምፁ ጨዋ ነበር። ሁልጊዜም ጨዋ ነው።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ሥራ። ወሊድ። አንዲት የታች መንደር ልጅ ምጥ ሲይዛት እጄን ነከሰችኝ፤ ስትወልድ ደግሞ ሳመችው። ቤት። እማዬ ስለ ሂና ታወራለች። አልነገርኳትም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ተናድጃለሁ። አታሎኛል። ልብሱ ተለክቶ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሳይቀር «ሙሽሪት» እያለኝ! ቀድሞ አያውቅም ነበር? ሽማግሌ ሲልክ አያውቅም ነበር?

ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣል፦ ባይነግረኝስ ኖሮ?

ይሄን ሁለተኛውን አልፈልገውም። አባርረዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ለእማዬ ነገርኳት። የምትጮህ መስሎኝ በሩን ዘግቼ ነበር። አልጮኸችም። የምታጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ጎረቤታችን የነበረችው ዘቢደር ትዝ ትልሻለች?» አለችኝ። «ባሏ በሕይወት እያለ እንደ ባል የሞተባት ሴት የኖረችው። ምስጢሯን የማውቀው እኔ ነኝ። ‘ምኔን ጠልቶት ነው’ እያለች ራሷን ስትወቅስ ኖራ ሞተች። እሱም ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለቱም በከንቱ ተቀጡ።»

«እና አልተቆጣሽም?»

«ተቆጥቻለሁ እንጂ! ይሄን ሁሉ ዘመድ ጠርቼ! ግን ልጁ በጊዜ ነግሮሻል። ለዘቢደር የነገራት የለም።»

እቅፍ አደረገችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ስለ ሠርጉ ነው ያለቀስኩት።

ስንወጣ ሰዓድ ከበሩ አጠገብ ባጃጁን ይወለውል ነበር። ቀና ብሎ አላየንም። ሰምቶ ይሆን?

መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ዒድ

ሰምቷል።

አባባ ከዒድ ሰላት ሲመለስ እኔና እማዬ «አልተስማማንም፤ ኒካሑ ይቅር» ልንለው ተዘጋጅተን ነበር። ገና አፋችንን ሳንከፍት ሰዓድ ሁሉንም አፈረጠው። ያን ቃል ተጠቀመበት፤ ደጋግሞ። አባባ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ ቆሞ ቀረ። እንግዶች በር ላይ ናቸው። «በዚህ ቤት የዚያ ሰው ስም እንዳይነሳ» አለና እንግዶቹን ሊቀበል ወጣ። ቀኑን ሙሉ «ዒድ ሙባረክ» እያለ እየሳቀ ዋለ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ዳግመኛም ማየት አልፈልግም።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

የፋርማሲው መስታወት በድንጋይ ተሰብሯል። ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ለጥፈው ስሙን ጽፈውበታል። አከራዩ ልቀቅ ብሎታል። ለፖሊስ እንዳይናገር ሕጉ ራሱ በእሱ ላይ ነው።

ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ሐመልማል ናት፤ መርፌ እየቆጠርን። «ደባርቅ ስለዚያ ፋርማሲ ነው የሚያወራው። አንቺም ተረፍሽ! እንዲህ ያለውንማ ከአገር ማባረር ነው» አለች። ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ?

ቤት ስገባ ሰዓድን ያዝኩት።

«ለማን ነገርክ?»

«ለልጆቹ ብቻ።»

«የት?»

«ከረምቡላ ቤት። ተናድጄ ነበር እኮ፤ ለአንቺ ብዬ ነው!»

«ለእኔ ብለህ የሰው በር ላይ ድንጋይ አስወረወርክ?»

«እኔ አልወረወርኩም» አለ። ፊቱ ግን አመድ መስሏል። ሰዓድ ትናንትና ማታ የጎዳና ውሻ ተገጨብኝ ብሎ እራት ያልበላ ልጅ ነው።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ደባርቅ ሄድኩ። ለምን እንደምሄድ አላወቅሁም ነበር። ልሰድበው ይሁን ላጽናናው፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱንም ተለማመድኩ።

የፋርማሲው በር ግማሹ ተዘግቷል፤ የተሰበረው ላይ ካርቶን ተለጥፏል። ደጃፉ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ጥላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እማማ በለጠች ይባላሉ፤ የምስክር እናት ናቸው። ሰው ደውሎላቸው ከአምቢኮ በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና መጡ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው የሚቆጡ መሰለኝ። ተነስተው ትከሻዬን ሳሙኝ።

«የተበደልሽው አንቺ ነሽ፣ እናቴ። ልጆቼ አስቀይመውሽ እንደሆን ስለ እነሱ እኔ ይቅርታ እላለሁ።»

ልጆቼ አሉ። ልጄ አላሉም።

«እርስዎ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«እናት እንዴት አታውቅ! ስንት ጠበል አዞርኩት። ተጠመቀ፣ ጾመ፣ ሰገደ፤ ያው ራሱን ሆኖ ተመለሰ። በመጨረሻ፣ የፈጠረው ጌታ ያልለወጠውን እኔ ማን ነኝ ብዬ ተውኩት። ከተውኩት ወዲህ ልጄ መሳቅ ጀመረ። እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።» ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዱን ቃል እስከ መጨረሻው እያሉ ነው የሚናገሩት። «ሰው ይጠላዋል፤ አውቃለሁ። መንደሩ ግን አላማጠም፤ ያማጥሁት እኔ ነኝ።»

አዋላጅ ነኝ። ምጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ውስጥ ስገባ አነስ ሰባራ መስታወት እየለቀመ ነበር፤ ምስክር ደግሞ መጥረጊያ ይዟል። ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። «ወንድሜ ነው ያወራው» አልኩ። «በእኔ ምክንያት ነው።»

«አይደለም» አለ አነስ። «ጥፋቱ ድንጋይ የወረወረው ሰው ነው።»

ምስክር ወንበሩን በእጁ ጠርጎ ሰጠኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ምስክር፣ እናቱ ከጭነት መኪናው ሹፌር ጋር በመንገድ ሙሉ ሲከራከሩ እንደመጡ ማውራት ጀመረ፤ ሳቅን። ሦስታችንም ሳቅን። በእንዲህ ያለ ቦታ እንዴት ይሳቃል? ግን ሳቅን።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

አባባ ከጁምዓ ሲመለስ ጠብቄ፣ ሱቁ ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅሎቹ መሀል ያዝኩት።

«ስሙ አይነሳ ብለሃል፤ እኔ ግን ላነሳው ነው» አልኩት። እንዲህ ተናግሬው አላውቅም።

ሜትሩን አስቀመጠ።

«ዝም ብሎ ቢያገባኝ ታውቅ ነበር፣ አባባ?»

«አላውቅም።»

«እኔስ?»

«…አንቺም።»

«ታዲያ ልጅህን ማን አዳናት?»

ቀጠልኩ። «መንገድ ተዘግቶ ኢንሱሊን የጠፋ ጊዜ፣ በበረዶ አድርጎ ማን ላከልህ?»

«አነስ።»

«በሞተር ይዞት የመጣውስ?»

«ያ ረጅሙ ልጅ፣ ጓደኛው» አለ። አሰበና፣ «ያን ጊዜም እንዲህ ነበሩ?» አለኝ።

«ያን ጊዜም።»

አንድ ደንበኛ ገባች፤ ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ለካላት። ተሳስቶ አስረዝሞ ቆረጠላት።

አሁን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ለምን ኢንሱሊኑን አነሳሁ? ባያመጣስ? ነጭናጫ ሰው ቢሆን፣ ለአባባ ምንም ያላደረገለት ቢሆን፣ መስታወቱ ቢሰበር ልክ ነበር ማለት ነው? አይደለም። ለአባባ ይሄን ሌላ ቀን እነግረዋለሁ። በአንድ ቀን ሁሉንም አይችለውም።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ሰዓድ ሹክ አለኝ፦ ለፋሲካ ገበያ፣ ቅዳሜ፣ ልጆቹ አነስን ከፋርማሲው ሊያስወጡት ተነጋግረዋል። ዕቃውን አውጥተው ሊበትኑ። ያርጋል የሚባለው ነው የሚያስተባብራቸው።

«ለምን ነገርከኝ?» አልኩት።

«እንጃ» አለ። ከዚያ «እንድትነግሪው» አለ።

ደወልኩ። አነስ «የምስክርን እናት ወደ አምቢኮ እንላካቸው ብንል እምቢ አሉ» አለኝ። ስለ ራሱ ምንም አላለም።

አባባ ከጎን ክፍል ይሰግድ ነበር። ስልክ ሳወራ ድምፄን አልቀነስኩም። ረስቼው ነው።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ።

ጠዋት ልሄድ ስዘጋጅ አባባ ኮቱን ለብሶ ከሱቁ በርጩማውን ይዞ ወጣ። «ወዴት ነው?» አለችው እማዬ። «መድኃኒቴ አልቋል» አላት። ፍሪጅ ውስጥ ለወር የሚበቃ እንዳለ ሦስታችንም እናውቃለን። እማዬ ጋቢውን አምጥታ ትከሻው ላይ ጣለችለት።

ደባርቅ በፋሲካ ዋዜማ! በግ ይጎተታል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ መተላለፊያ የለም። አባባ በርጩማውን ከራሱ በላይ ይዞ በመሀሉ አለፈ። ፋርማሲው ጋ ሲደርስ ለአነስ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለው፤ መልሱን ሳይጠብቅ በርጩማውን ደጃፉ ላይ፣ ልክ መሀል ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። እማማ በለጠች ከጎኑ ደረጃው ላይ ነበሩ። እሳቸው ጥላቸውን ዘርግተው ግማሹን ወደ እሱ አዘነበሉለት። ፀሐዩ ኃይለኛ ነበር። እንዲህ ሆነው ቆዩ፤ ስለ ገብስ ዋጋ፣ ስለ በሽታቸው እያወሩ።

ልጆቹ ከቀትር በኋላ መጡ። ያርጋል ፊት ፊት ነው። ከኋላ የሚከተለው ሰው ብዙ ነበር፤ ግማሹ ምን እንዳለ ለማየት ብቻ የመጣ።

«አባባ፣ ተነሱልን» አለ ያርጋል።

«ለምን?»

«ይሄ ሰውዬ ማን መሆኑን አያውቁም እንዴ?»

«አውቃለሁ» አለ አባባ። አልተነሳም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «ልጄን ሊያገባ የነበረ ሰው ነው። ዘመድ ጠርቼ የተዋረድኩት እኔ ነኝ። በእሱ የተበደለ ካለ ቀዳሚው እኔ ነኝ። እኔ ይኸው ቁጭ ብያለሁ። አንተን ምን አደረገህ?»

ያርጋል ዞሮ ጓደኞቹን አየ። «አገራችንን ያበላሻሉ» አለ በመጨረሻ።

«አገሩን ያበላሸው ድንጋዩ ነው። ባለፈው ያ መስታወት ሲሰበር ውስጥ ሕፃን የታቀፈች ሴት ነበረች አሉ። ማን ነው የወረወረው? እጁን ያውጣ።»

ማንም እጁን አላወጣም። እማማ በለጠች ያን ጊዜ ተነሱ። «የኔ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት ያርጋልን። ስሙን ከነአያቱ ጠየቁት። ነገራቸው፤ ምን ያድርግ! «አያትህን አውቃቸዋለሁ። ዛሬ ጾም ነው፤ ነገ ትንሣኤ ነው። ሂድ፣ ለእናትህ ዶሮውን ያዝላት።» ከኋላ አንዱ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው የፈታን መሰለኝ። የቆመው ሰው አንድ ሁለት እያለ ወደ ገበያው ፈሰሰ። ያርጋል ትንሽ ቆሞ፣ መሬት ላይ ተፍቶ ሄደ።

እኔ ከባንኮኒው ጀርባ የምስክርን ክንድ ይዤ ነበር፤ ስለቀው ጥፍሬ ታትሞበታል።

ወዲያው አንዲት ባልቴት በአባባ ጎን ሾልከው ገቡና «የዓይን ቅባቴን ስጠኝ ልጄ፤ ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ እንዴት ልግባ!» አሉት። አነስ ቅባቱን ሰጣቸው። «ገባዎት እማማ? እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» ሲል ድምፁ ተሰበረ። ባልቴቲቱ ግን በደንብ መልሰው ነገሩት።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሰዓድ በባጃጁ መስታወት ጭኖ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ቀስ እያለ ነድቶ ደባርቅ አደረሰው። ራሱ ገጠመው። ጎኑ ትንሽ ጠማማ ነው። አነስ አመሰገነው። ሰዓድ «ይቅርታ» ያለው ለመስታወቱ እየተናገረ ነው፤ ቢሆንም ተናግሯል። ከዚያ ከምስክር ጋር ስለ ሞተር ሳይክል ተከራከሩ፤ ወንዶች ሲታረቁ እንዲህ ነው መሰለኝ።

አከራዩ የልቀቅ ወሬውን ትቷል። የማይመለሱ ደንበኞች አሉ። ፎቶውም አሁንም አለ። ምስክርን ሥራ የከለከለው አስጎብኚ ድርጅት አለ። ሁሉም ደህና ሆነ ብዬ አልጽፍም።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ሐመልማል ዛሬ እንደተለመደው ያን ቃል ጠርታ ልትቀልድ ጀመረች። በዚህ ጊዜ ግን ዝም አላልኩም። «እኔ ፊት እንዲህ አትበዪ፤ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ» አልኳት። ተኮሳተረች። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

ልንወጣ ስንል ጋውኗን እያወለቀች፣ በሩን አየት አድርጋ፣ «ሰሀር፣ ከተወለዱ ጀምሮ ነው የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ። የሰማሁትን ነገርኳት። «ታናሽ ወንድሜ…» አለችና ተወችው። እኔም አልጎተጎትኳትም። እስከ መናኸሪያው አብረን ሄድን፤ ክንዴን ይዛ።

ማን ያውቃል ስንት ቤት ውስጥ ስንት ሰው ዝም ብሎ እንደተቀመጠ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ግን ሌላው ይጠይቃል። በእኔ ዕድሜ ብዙ ላይለወጥ ይችላል። ዛሬ ያዋለድኳት ሕፃን ስታድግ ግን ይሄ ሁሉ የሚገርማት ይመስለኛል። ምን ሆነው ነበር እነዚያ ሰዎች ትላለች።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

አባባ መድኃኒቱን ሊወስድ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። አሁን በእውነት አልቆበት ነው። አነስ ሻይ አስመጣለት። አባባ ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣ እንዲህ አለው፦

«ልጄ፣ አልዋሽህም። ነገሩ አልገባኝም። ሃይማኖቴ የሚለኝን አውቃለሁ፤ አንተንም አውቅሃለሁ። ሁለቱን ማስታረቅ ለእኔ ዕድሜ ከባድ ነው። ለአላህ ትቼዋለሁ። ድንጋይ የያዘ ሰው ሲመጣ ግን የት እንደምቀመጥ አውቃለሁ።»

«ይበቃኛል፣ ጋሼ አህመድ» አለ አነስ።

«ለእኔ አይበቃኝም» አለ አባባ። «ገና እያሰብኩ ነው።»

በመንገድ ላይ ደግሞ ሳልጠይቀው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ልማር የጠየቅሁትን አነሳ። ሠርጉ ሲመጣ ትቼው ነበር። «ሂጂ ተማሪ» አለኝ። «ለማግባት ምን አስቸኮለሽ?» ይሄን የሚለው አባባ ነው! የሚኒባሱን መስኮት ከፍቼ ንፋስ ተቀበልኩ። ደስ ብሎኛል። በእውነት ደስ ብሎኛል።

ግንቦት 29፣ ዓርብ፣ ዐረፋ

የመጀመሪያው ዝናብ ዛሬ ዘነበ፤ ግቢው ጭቃ ሆኗል፤ ቤቱ ሰው ሞልቷል።

አባባ በጉን አርዶ እጁን ሲታጠብ እማዬን ጠራት። «ያ ረጅሙ ልጅ የእኛን ሥጋ አይበላም። ምን ይቀርብለታል?»

እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ማን ጠርቶት ነው?»

«አነስን ጠርቼ እሱን ልተወው ኖሯል?» አለ አባባ፤ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቋ አስገርሞት። እማዬ ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ገባች። ዞር ስትል አየኋት፤ ፈገግ ብላለች። ለብቻው በተቀመጠ ድስት ምስር ሠራችለት፤ እንቁላልም ጠበሰችለት።

ከዙሁር በኋላ ሁለቱም በአንድ ጃንጥላ መጡ። በሩ ላይ ምስክር ዘገየ፤ ጫማውን ከጭቃው ሲጠርግ ሲጠርግ ጫማው ሊያልቅ ነበር። ጎረቤታችን ማንጠግቦሽ በዓሉን ልትጠይቅ መጥታ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ወሬውን ሁሉ ሰምታለች፤ ያልሰማ የለም። አንዴ እነሱን፣ አንዴ አባባን እያየች «እነዚህ እንግዶች ምናችሁ ናቸው?» አለች። የሰዓድ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

አባባ አሰበ። እንደሚያስብ ሁሉም አየ።

«የእኛ ሰዎች ናቸው» አለ። «ሰሀር፣ አስታጥቢያቸው።»

ማንጠግቦሽ ቀሚሷን ሰብስባ ጠጋ አለችላቸው። ሁለቱ ከጎኗ ተቀመጡ። ሰዓድ ለምስክር ምስሩን አቀረበ፤ አባባ ከሥጋው የተሻለውን መርጦ አነስ ፊት አደረገ፤ ወሬው እንደገና ሞቀ።

ማስታጠቢያውን ይዤ መጀመሪያ ለምስክር፣ ከዚያ ለአነስ አፈሰስኩ። አነስ ቀና ብሎ «እናመሰግናለን፣ ሰሀር» አለኝ። ውሃው ትንሽ መሬት ላይ ፈሰሰብኝ። ማንቆርቆሪያው ከባድ ስለነበረ ነው።